በሁለት የበረዶ መንደሮች መካከል ስላለው ርቀት

ርቀት ሁሉ በኪሎሜትር ተለክቶ የሚያልቅ ይመስለናል። ነገር ግን በመንገዱ ጫፍና ጫፍ የሚኖሩት ሰዎች ማንና ማን እንደ ሆኑ ካልታወቀ፥ ቍጥሩ ብቻውን ነገሩን አያስረዳም። ስለዚህ በካናዳ ሰሜን ጫፍ ስላሉት ስለ ሁለት መንደሮች ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

አንደኛው ግሪስ ፊዮርድ፥ ሁለተኛው ሬዞሉት ይባላል። የአገሩ ተወላጆች ኢኑዊቶች የፊተኛውን አውዩይቱቅ ይሉታል፤ ይኸውም በረዶው የማይቀልጥበት ቦታ ማለት ነው። የኋለኛውን ደግሞ ቃውሱይቱቅ ይሉታል፤ የማይነጋበት ቦታ ማለት ነው። በብርዱ ወራት ሦስት ወር ያህል ፀሐይ አትወጣምና ስሙ በከንቱ አልተሰጠም። በ2021 የሕዝብ ቈጠራ በግሪስ ፊዮርድ 144፥ በሬዞሉት 183 ሰዎች ተገኙ።

ካርታ ዘርግቶ ለሚያይ ሰው መንደሮቹ እጅግ የተራራቁ ይመስሉታል፤ በመካከላቸው 12 ዲግሪ ያህል ኬንትሮስ አለና። ይህን ያህል ኬንትሮስ በእኛ አገር ቢለካ 1300 ኪሎሜትር ገደማ ይሆናል። ነገር ግን የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ዋልታው ሲሄዱ እየተጠጋጉ ስለሚመጡ፥ በዚያ አንዱ ዲግሪ 28 ኪሎሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በአየር ያለው ርቀት 380 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ካለው የአየር ርቀት ያንሳል። ትንሽ ኤሮፕላን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርሳል። የመኪና መንገድ ግን የለም፤ ጉምና ነፋስ በመጣ ጊዜም ኤሮፕላኑ ይቀራል፥ ተጓዡም ተቀምጦ ቀን ይቈጥራል።

ይህ ርቀት የቤተ ሰብ ነገር የሆነበት ምክንያት እንዲህ ነው። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1953 የካናዳ መንግሥት በሰሜን ኪቤክ ካለው ከኢኑክዩአክ ቤተ ሰቦችን አንሥቶ፥ 2000 ኪሎሜትር ያህል ወደ ሰሜን በመርከብ ወሰዳቸው። ሰዎቹም አብረው የሚኖሩ መስሏቸው ተሳፈሩ። በመርከቡ ላይ ሳሉ ግን ተከፋፍለው በልዩ ልዩ ስፍራ እንደሚወርዱ ተነገራቸው፤ ዘመድም ከዘመዱ ተለየ። ዛሬ አንድ ሰዓት ተኩል የምንለው ርቀት ለእነርሱ በውሻ የሚጐተት መንሸራተቻ ይዘው የማያውቁትን የባሕር በረዶ መሻገር ነበረ። መንግሥቱም ስለዚህ በደል በ2010 ይቅርታ ጠየቀ።

በዚያው ዓመት በመንደሮቹ ሁለት ሐውልቶች ቆሙ። ሉቲ ፒጃሚኒ በግሪስ ፊዮርድ የቀረጸው ሴትን ከልጇና ከውሻ ጋር ያሳያል፤ ፊቷም ወደ ሬዞሉት ነው። ሲሚዮኒ አማጎአሊክ በሬዞሉት የቀረጸው ብቻውን የቆመ ወንድ ነው፤ ፊቱም ወደ ግሪስ ፊዮርድ ነው። እንዲህ ሆነው በ380 ኪሎሜትር ማዶ ይናፈቃሉ።

ኤሮፕላን መንገድን ያሳጥራል፤ ሳይነገረው የተለየን ቤተ ሰብ ግን ወደ ቀድሞው ቀን አይመልስም። ስለዚህ ሹምም ቢሆን የቤት አባወራም ቢሆን፥ ሰውን ከቀዬው ከማንሣቱ በፊት ወዴት እንደሚሄድና ከማን ጋር እንደሚኖር አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል። ከተሳፈሩ በኋላ የሚነገር ቃል ምክር መጠየቅ አይደለም፤ ይግባኝ የሌለው ፍርድ ነው።