«ቀጥታ ከባትሪ»፦ የሞተር ሳይክል ባትሪን የሚጨርስ ልማድ

በሞተር ሳይክል ላይ ተጨማሪ መብራት፣ የስልክ ቻርጀር፣ አላርም ወይም የጂፒኤስ መከታተያ ሲገጠም የተለመደው አሠራር ሁለቱን ሽቦዎች ቀጥታ ከባትሪው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ጋር ማሰር ነው። ሥራው ጊዜ አይፈጅም፤ ዕቃውም ወዲያው ይሠራል። ሞተሩ አንድ ቀን ጠዋት አልነሳ ሲል ግን ጥፋቱ በባትሪው ላይ ይላከካል። «ባትሪው ደክሟል» ተብሎ በአዲስ ይተካል፣ አለዚያም አምፔሩ ከፍ ያለ ባትሪ ይፈለጋል። አዲሱም በተራው ይሞታል። ይህ ልማድ የቆመው በሁለት የተሳሳቱ እምነቶች ላይ ነው። አንደኛው ባትሪ የኃይል ምንጭ ነው የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ባትሪው በትልቅ ከተተካ ችግሩ ይፈታል የሚለው ነው።

ባትሪ የተቀበለውን ያስቀምጣል እንጂ አያመነጭም፤ ጎተራ ነው እንጂ ማሳ አይደለም። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የሊድ አሲድ ባትሪ ከሠራ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል፤ ይህ ባሕርይ ግን አልተለወጠም። በሞተር ሳይክል ላይ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው በሞተሩ ጎን ክዳን ሥር ያለው ዲናሞ ነው። ማግኔቱ ከሞተሩ ዘንግ ጋር እየዞረ በሽቦ ጥቅሎቹ ውስጥ ተለዋዋጭ ከረንት (ኤሲ) ይፈጥራል። ሬክቲፋየሩ ይህን ወደ ቀጥተኛ ከረንት (ዲሲ) ይለውጣል፤ ቮልቴጁም ከ14.5 ገደማ እንዳያልፍ ይገድባል። ዲናሞው ሙሉ አቅሙን የሚሰጠው ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ነው። በሚኒሞ ላይ፣ ማለትም መብራት ላይ ቆሞ ወይም በትራፊክ መጨናነቅ መሐል፣ የሚሰጠው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

ስለዚህ ተጨማሪ ዕቃ ከመገጠሙ በፊት መጠየቅ ያለበት ዲናሞው ካለበት ጭነት በላይ ስንት ዋት ይተርፈዋል የሚለው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ቮልት በአምፔር ሲባዛ ዋት ይሆናል። ለምሳሌ 100 ዋት የሚሰጥ ዲናሞ ያለው አነስተኛ ሞተር ይወሰድ። የፊት መብራቱ 35 ዋት፣ የኋላው 5 ዋት፣ የካንዴላው እሳትና የዳሽቦርዱ መብራቶች በአንድ ላይ 20 ዋት ገደማ ቢወስዱ 40 ዋት ይቀራል። ከዚህም ላይ ባትሪው ራሱ መሞላት አለበት። ፍሬን ሲያዝ የፍሬን መብራቱ 21 ዋት ይጨምራል፤ ሁለት የፍሬቻ አምፖሎች ሲበሩ ደግሞ ሌላ 20 ዋት ይታከላል። እያንዳንዳቸው 20 ዋት የሆኑ ሁለት ኤልኢዲ መብራቶች በዚህ ላይ ሲገጠሙ ለባትሪው የሚተርፍ ነገር የለም። 55 ዋት የሆኑ ሁለት ሃሎጅን መብራቶች ቢሆኑ ደግሞ ብቻቸውን ከዲናሞው አቅም በላይ ናቸው። በህንድ ከኤፕሪል 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደተደነገገው የፊት መብራቱ ቀንም ማታም ሳይጠፋ የሚሠራ ሞተር ከሆነ፣ ያ 35 ዋት በቀንም የሚቆጠብ አይደለም።

ትልቅ ባትሪ መግጠም በዚህ ስሌት ላይ አንድ ዋት አይጨምርም። ዲናሞው የሚሰጠው ከሚፈጀው ካነሰ 9 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪም ይራቆታል፤ 5 ከሚይዘው የሚለየው ቆይቶ በመራቆቱ ነው። ሲራቆት ደግሞ ያው ደካማ ዲናሞ መልሶ ለመሙላት የሚወስድበት ጊዜ ይረዝማል። ኃይል በእርግጥ የሚገኘው ወጪን በመቀነስ ነው። 35 ዋት የሚወስደውን የሃሎጅን አምፖል በ15 ዋት ኤልኢዲ መተካት 20 ዋት ነፃ ያወጣል፤ ይህም አንድ የስልክ ቻርጀር ከሚወስደው 12 ዋት ገደማ ይበልጣል።

ሁለተኛው ጉዳት የሚደርሰው ሞተሩ ጠፍቶ ሲቆም ነው። ቀጥታ ከባትሪ የታሰረ ዕቃ ቁልፉ ቢነቀልም ከባትሪው አይለያይም። 30 ሚሊአምፔር የሚስብ መከታተያ በ24 ሰዓት 0.72 አምፔር ሰዓት ይወስዳል። በዚህ አካሄድ 5 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በሰባት ቀን ባዶ ይሆናል። ስልክ ያልተሰካበት ቻርጀር እንኳ 10 ሚሊአምፔር ቢስብ ያንኑ ባትሪ በሦስት ሳምንት ይጨርሰዋል። ሞተሪኖው በአሥሮች የሚቆጠር አምፔር ስለሚፈልግ ሞተሩ አልነሳ የሚለው ባትሪው ባዶ ከመሆኑ ብዙ ቀናት አስቀድሞ ነው። በሚገባ የተሞላ ባትሪ አርፎ ሲለካ ከ12.6 እስከ 12.8 ቮልት ያሳያል፤ ወደ 12 ቮልት ከወረደ አብዛኛው አልቋል ማለት ነው። እንዲህ ተራቁቶ የሚቆይ የሊድ አሲድ ባትሪ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት እየጠጠረበት ይሄዳል፤ ያ የጠፋ አቅም ተመልሶ በመሙላት ብቻ አይገኝም። ብዙ ባትሪ «ደካማ ነበር» ተብሎ የሚጣለው በዚህ መንገድ ከተገደለ በኋላ ነው።

ለቀጥታ አሠራሩ የሚቀርበው ጠንካራ መከራከሪያ የፋብሪካው ሽቦ ቀጭን መሆኑና የማስነሻ ቁልፉ ውስጥ ያሉት መገናኛዎች ተጨማሪ ጭነት አለመቻላቸው ነው። ይህ እውነት ነው። ከባድ ከረንት ከባትሪው መወሰዱም ተገቢ ነው። ጥፋቱ ከረንቱ በቁልፉ አለመታዘዙና በፊውዝ አለመጠበቁ ላይ ነው። ለዚህ የተሠራው ዕቃ ሪሌ ይባላል። በሪሌው እግሮች ላይ 30፣ 87፣ 86 እና 85 የሚሉ ቁጥሮች ይገኛሉ። ከባትሪው ፖዘቲቭ በፊውዝ አልፎ የሚመጣው ሽቦ 30 ላይ ይታሰራል፤ ከ87 ወደ ተጨማሪው ዕቃ ይሄዳል፤ 86 ቁልፉ ሲዞር ብቻ ከረንት ከሚያገኝ ሽቦ ይያያዛል፤ 85 ከሻሲው ጋር ይገናኛል። ሪሌው ራሱ ከቁልፉ መስመር የሚወስደው ከ0.2 አምፔር በታች ስለሆነ ቁልፉን አይጎዳም፤ ቁልፉ ሲጠፋም ዕቃው ከባትሪው ይቆረጣል። ለ86 የሚሆነውን ሽቦ ሲመርጡ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአንዳንድ ትናንሽ ሞተሮች የፊት መብራቱ የሚሠራው በሬክቲፋየሩ ባልተለወጠ ኤሲ ነው፤ ከዚያ የተያያዘ ሪሌ እየተንቀጠቀጠ ይበላሻል።

ፊውዙ የሚገጠመው ሽቦውን ለመጠበቅ ነው፤ ስለዚህ ቦታው ከዕቃው አጠገብ ሳይሆን ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ነው። በናስትሮ ብቻ ተጠቅልሎ በነዳጅ ታንከሩ ሥር የሚያልፍ ሽቦ በሞተሩ ንዝረት ከሻሲው ጋር ሲፋተግ ሽፋኑ ይላጣል። መዳቡ ብረቱን በነካ ጊዜ ኮንታክት ይፈጠራል፤ ፊውዝ ከሌለ ባትሪው ያለውን ሁሉ በዚያ ሽቦ ይለቃል፣ ሽቦውም ከቤንዚን ሥር ይግላል። ፊውዝን በሽቦ ቁራጭ መተካትም ከዚሁ አደጋ አያድንም።

መከታተያና አላርም ሞተሩ ቆሞም መሥራት ስላለባቸው በሪሌ ሊቆረጡ አይችሉም። ለእነዚህ የሚበጀው ሲቆሙ ከረንት የሚቀንሱ ወይም ቮልቴጅ ሲወርድ ራሳቸውን የሚያጠፉ ዓይነቶችን መምረጥ ነው፤ ፊውዙ ግን ለእነርሱም ግዴታ ነው።

«ሪሌና ፊውዝ ወጪ ነው» የሚለው ክርክር አያዋጣም፤ የሁለቱ ዋጋ በአንድ ላይ ከአንድ ባትሪ ዋጋ በእጅጉ ያንሳል። «ሞተሩ በእግርም ይነሳል» የሚለውም ለሁሉም አይሠራም። ነዳጅ በኢንጀክሽን የሚረጭ ሞተር ባትሪው ከሞተ ፓምፑ ስለማይሠራ ቢረገጥም ላይነሳ ይችላል።

የሥራው ትክክለኛነት የሚታወቀው በቴስተር ነው። ቁልፉ ጠፍቶ የባትሪው ኔጋቲቭ ሽቦ ይፈታና ቴስተሩ በባትሪውና በሽቦው መካከል ይገባል፤ መጀመሪያ በ10 አምፔር መለኪያ፣ ንባቡ ትንሽ ከሆነ በሚሊአምፔር ይለካል። በዚህ ሁኔታ ሞተሩን ማስነሳት ቴስተሩን ያቃጥለዋል። ጥቂት ሚሊአምፔር ከተነበበ ደህና ነው፤ አሥሮች ከተነበቡ የሚስበው ዕቃ መገኘት አለበት። ቀጥሎ ኔጋቲቩ ታስሮ ሞተሩ ይነሳል፤ ዕቃዎቹ ሁሉ በርተው ቮልቴጁ በባትሪው ላይ ይለካል። በጉዞ ፍጥነት ከ13.5 በላይ ካሳየ ዲናሞው ጭነቱን ችሏል፤ ከ13 በታች ከወረደ ባትሪው ከራሱ እያወጣ ነው፣ ስለዚህ ጭነቱ መቀነስ አለበት።

የዕቃውን ዋት ሳይናገር የሚሸጥ ነጋዴ፣ ሳይለካ የሚገጥም ባለሙያና ሳይጠይቅ የሚያስገጥም ባለንብረት ጥፋቱን ይጋራሉ። ትልቁ ኃላፊነት ግን ያለው ቴስተሩን በእጁ በያዘው ባለሙያ ላይ ነው። የዲናሞውን ትርፍ ሳያሰላ፣ ፊውዝና ሪሌ ሳያስገባ፣ ከሥራው በኋላም ሳይለካ ሞተሩን የሚያስረክብ ባለሙያ ሥራውን እንደጨረሰ ሊቆጠር አይገባም።