ሮያል ኦክ ወይስ ኖቲለስ? ከመግዛትዎ በፊት መሸጫውን ያስቡ

አንድ የማውቀው አስመጪ ሰሞኑን ከዱባይ ደወለልኝ። ዕቃ ሊያስጭን ሄዶ ሁለት የእጅ ሰዓቶች ዓይኑ ውስጥ ገብተዋል። አንዱ የኦዲማር ፒጌ ሮያል ኦክ፣ ሌላው የፓቴክ ፊሊፕ ኖቲለስ ነው። ሁለቱም የብረት፣ ሁለቱም ያገለገሉ፣ በአንድ ነጋዴ መስኮት ጎን ለጎን የተቀመጡ። ‹‹አንተ ስለ ገበያ ትጽፋለህ፤ ገንዘቤን የትኛው ላይ ላሳርፈው?›› አለኝ። ልብ በሉ፤ ‹‹የትኛው ያምርብኛል?›› አላለም። ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ገንዘቡን የሚያሳርፍበት ዕቃ የሚፈልግ ነጋዴ ብዙ ነውና ጥያቄው የእሱ ብቻ አይመስለኝም።

ለመሆኑ እነዚህ ሰዓቶች ምንድን ናቸው? ሁለቱም የአንድ እጅ ሥራ ናቸው። ዤራልድ ዤንታ የተባለው ስዊዘርላንዳዊ የነደፈው ሮያል ኦክ እ.ኤ.አ. በ1972 ገበያ ላይ ዋለ፤ ያው ሰው የነደፈው ኖቲለስ በ1976 ተከተለ። ዤንታ የመጀመሪያውን በአንድ ሌሊት፣ ሁለተኛውን ደግሞ ምግብ ቤት ተቀምጦ በአምስት ደቂቃ እንደሣለው ሲናገር ኖሯል። የሮያል ኦክ የፊት ቀለበት ስምንት ማዕዘን ሲሆን በስምንት ብሎኖች ታስሯል። ኖቲለስ የመርከብ መስኮት ይመስላል፤ በግራና በቀኝ ጆሮ አለው። የሚገርመው ግን የውስጡ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሮያል ኦክና ኖቲለስ ማሽናቸው የተሠራው በዤዤ ለኩልትር ዲዛይን ላይ ተመሥርቶ ነበር፤ ውፍረቱም ከሦስት ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ነዳፊው አንድ፣ የማሽኑ ምንጭ አንድ፣ ብረቱም ያው ብረት ከሆነ የዋጋው ልዩነት ከየት መጣ?

ከወረፋው ነው። የሰዓት ሰሪዎቹ ብልሃት ብረትን በወርቅ ዋጋ መሸጥ ብቻ አልነበረም፤ ገዢውን ማስጠበቅም ነበር። ፓቴክ ፊሊፕ በዓመት የሚሠራው ወደ 70 ሺሕ ሰዓት ነው፤ ኦዲማር ፒጌ ወደ 50 ሺሕ። ይህ ለመላው ዓለም፣ ለሁሉም ሞዴል ተደምሮ ነው።

ኖቲለስ 5711 የሚባለውን የብረት ሞዴል ታሪክ ማወቅ ለማንኛውም ነጋዴ ይጠቅማል። በ2006 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከጊዜ በኋላ ሱቅ ገብቶ በፋብሪካ ዋጋ መግዛት የተመረጡ ደንበኞች ዕድል ብቻ ሆነ። ኩባንያው በ2021 መጀመሪያ ላይ ምርቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። የኩባንያው ኃላፊ ቲየሪ ስተርን አንድ ሞዴል ሌላውን ሥራ ሁሉ እንዲጋርድ እንደማይፈልጉ በይፋ ተናግረዋል። ገበያው ግን አበደ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከቲፋኒ ጋር በ170 ቁጥር ብቻ የተሠራው ሰማያዊ ገጽ ያለው 5711 ኒው ዮርክ ላይ በፊሊፕስ ጨረታ በ6.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ (ለበጎ አድራጎት መሆኑን አይርሱ)። አሜሪካ ውስጥ በሱቅ ወደ 35 ሺሕ ዶላር ይሸጥ የነበረው ተራው 5711 በ2022 መጀመሪያ በሁለተኛ እጅ ገበያ ከ150 ሺሕ ዶላር በላይ ተጠራበት። ከዚያ ወዲያ ወረደ፤ በብዙ ወረደ። ሰዓቱ አልተለወጠም፤ ሰከንድ አላጎደለም፤ ያው 5711 ነው። የተለወጠው የገዢው ልብ ነው። ያን ሰሞን ጫፉ ላይ የገዛ ሰው ዛሬም እጁ ላይ አስሮት በፈገግታ ይሄድ ይሆናል፤ የከፈለውን ግን ለሚስቱም አይነግራትም።

እኔ ለወዳጄ ሮያል ኦክን ነው የመረጥኩለት። ምክንያቴም ቀላል ነው። ኦዲማር ፒጌ ሮያል ኦክን በብረት መሥራቱን አልተወም፤ በ2022 ሃምሳኛ ዓመቱን ሲያከብር እንኳ አዲስ ማሽን ያለው የብረት ሞዴል አወጣ። ስለዚህ ሕያው የፋብሪካ ዋጋ አለ። ደላላው ምን ያህል እንደጨመረብህ ታያለህ፤ ስትሸጥም ገዢህ የሚያመሳክርበት ዋጋ አለው። 5711 ግን የፋብሪካ ዋጋ የለውም፤ ዋጋው ደላላው አፍ ላይ ነው። ‹‹ከእንግዲህ አይሠራም›› የሚለው ወሬ ደግሞ ሻጩ አስቀድሞ ያስከፈለህ ነው። ሁለት ጊዜ አይሸጥም።

የፓቴክ ወገኖች የሚሉኝን አውቃለሁ። በጨረታ አዳራሽ ከፓቴክ የበለጠ ስም የለም ይላሉ፤ ልክ ናቸው። የእኛው ንጉሠ ነገሥት የአፄ ኃይለ ሥላሴ የነበረው የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ በ2017 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ ማውጣቱ ምስክር ነው። ነገር ግን ያው ሰዓት በ2015 ሊሸጥ ሲል የባለቤትነት ጥያቄ ተነሥቶበት ከጨረታ ወጥቶ ነበር። የንጉሥ ሰዓት ‹‹የማን ነው?›› ከተባለ የእኔና የእናንተማ እንዴት አይባል! ፓቴክ የትውልድ ሰርተፍኬቱ ከጠፋ ምትክ አይሰጥም። ወረቀት የሌለው ሰዓት ካርታ እንደሌለው ቤት ነው፤ ይኖሩበታል እንጂ እንደልብ አይሸጡትም።

ሌላም አለ። ሁለቱም ‹‹የስፖርት ሰዓት›› ይባላሉ እንጂ ዋና ለሚወድ ሰው 5711 እስከ 120 ሜትር ውኃ ሲቋቋም፣ ሮያል ኦክ 50 ሜትር ነው። እዚህ ላይ ኖቲለስ ይበልጣል፤ መቼም ወዳጄ ከሆቴል ገንዳ አይርቅም። የሮያል ኦክ ዋጋ ያለው ጠርዙ ላይ ነው። ጫረው ብሎ ለተራ ሰዓት ሠሪ ለውልወላ የሰጠ ሰው ስለታሙን ጠርዝ አስሞርዶ፣ ገንዘቡንም አብሮ አስሞርዶ ይወጣል። የሚያውቅ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ነው። ስለዚህ ጭረት ያለበትን እንጂ የሚያብለጨልጨውን ሮያል ኦክ እንዳይገዛ አስጠነቀቅሁት።

ይህን ሁሉ ከነገርኩት በኋላ አንድ ነገር ብቻ እንዲጠይቅ መከርኩት፤ የሁለቱንም ሰዓቶች ሰርተፍኬት። ስልኩን ሳይዘጋ ጠየቀ። የሻጩ ድምፅ ይሰማኛል። ‹‹ሳጥኑ አለ፤ ወረቀቱ ግን ሌላ ሱቅ ነው፤ ነገ ተመለስ›› አለው። ወዳጄ የአዲስ አበባ አውሮፕላኑ በማግስቱ ጠዋት ነበር።