እግሩ ያበጠ ገበሬ «ተቀመጥ» አይባልም

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ቀይ አፈር በቆሎና በርበሬ ያበቅላል። ለዓመታት በባዶ እግራቸው ከሚረግጡት መካከል ግን የአንዳንዶቹን እግር ያሳብጣል። በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ፣ በሰፈር ስሙ «ዝሆኔ» ነው። ትንኝ አያመጣውም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በደምበጫና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ነዋሪዎች 3.3 በመቶው ታማሚ መሆናቸውን አሳይቷል።

የታማሚው ልጆች «አባዬ፣ አንተ አረፍ በል፣ እኛ እናርሳለን» ይሉታል። ደግነታቸው አይካድም፤ ምክሩ ግን ይጎዳዋል። ሊምፍ የሚባለው ፈሳሽ እንደ ደም የሚገፋው ልብ የለውም። የባት ጡንቻ ሲኮማተርና ሲላላ ከእግር ወደ ላይ እንዲወጣ ይረዳዋል። ቀኑን ሙሉ መደብ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ የዋለ ሰው ማታ እብጠቱ ይብስበታል። እግርን በሳሙና አጥቦ፣ አድርቆና ቅባት ቀብቶ፣ ተቀምጦም ቢሆን ተረከዝን ማንሳት፣ ቁርጭምጭሚትን ማዞር፣ ደልዳላ መንገድ ላይ መራመድ፣ ሲያርፉ እግርን በርጩማ ላይ ከፍ ማድረግ ይገባል። ይህ ወጪው የሳሙናና የቅባት ብቻ ነው። እግሩ ቀልቶ ትኩሳት ሲይዘው፣ ሰው «ምች መታው» ሲል፣ ያን ጊዜ ግን ዕረፍትና ሕክምና እንጂ እንቅስቃሴ አይሆንም።

«ተንቀሳቀስ» ማለት ቀላል ነው። በምን እግሩ? በባዶ እግር የሚደረግ እንቅስቃሴ በሽታውን ይመግበዋል፤ ገበያ ላይ ያለው የላስቲክ ጫማ ደግሞ ላበጠ እግር አይገባም። ሴቷም በዚሁ ምክንያት ከገበያና ከቤተ ክርስቲያን ትቀራለች፤ ሰው ደግሞ ሰነፍ ይላታል።

በጎረቤት ምሥራቅ ጎጃም በ696 ታማሚዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሙከራ የእግር እንክብካቤና ጫማ ያገኙት የሚያማቸው ጊዜ መቀነሱን አሳይቷል። ሆኖም ጫማው እስከ ዛሬ የሚታየው እንደ በጎ አድራጎት ስጦታ ነው፤ ቆዳ ወደ ውጭ በሚልክ አገር! ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልሉ ባለበት ግጭት ደግሞ ከሩቅ የሚመጣ እርዳታ መንገድ ላይ ይቀራል። ጫማ ሰፊ ግን በየከተማው አለ። የሚጎድለው የታማሚውን እግር ለክቶ የሚያደርስለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና ሂሳቡን የሚከፍል የወረዳ በጀት ነው።