ሦስት ቆጠራ በአንድ ቤት



በየወሩ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዳንዶቹ ጥያቄ ብቻ ሳይሆኑ የአንድን ቤት ሙሉ ታሪክ ይዘው ይመጣሉ። ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ከመተማ ዮሐንስ የደረሰን ደብዳቤ ከእነዚህ አንዱ ነው። የላኩት እናት ስማቸው እንዳይገለጽ ስለ ጠየቁን ፈቃዳቸውን አክብረናል። ይሁን እንጂ ነገሩ የብዙ ቤቶች ነገር መሆኑን ስለ ተረዳን፥ መልሱን ለእርሳቸው ብቻ ከምንልክ በዚህ ዓምድ ብናቀርበው ይሻላል ብለናል።

እናቲቱ እንደ ጻፉልን፥ በቤታቸው በዚህ ወራት ሦስት ሰዎች ቀን ይቈጥራሉ። ባለቤታቸው የሰሊጡን ቀን ይቈጥራሉ። ቆላውን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው፥ በክረምቱ የተዘራው ሰሊጥ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ሲደርስ ፋታ አይሰጥም፤ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው ደርቆ ይከፈትና መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ አጫጁን መፈለግ፥ ስንቁን ማዘጋጀት፥ ገንዘቡን መበደር፥ ሁሉም በቀን የተለካ ነው። እርሳቸው ራሳቸው ደግሞ የቤተ ክርስቲያንን ቀን ይቈጥራሉ፤ ከፍልሰታ ወደ ሩፋኤል፥ ከሩፋኤል ወደ ቅዱስ ዮሐንስ፥ ከዚያም ወደ መስቀልና ወደ ጽጌ። ሦስተኛው ቈጣሪ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጃቸው ነው። እርሱ የሚቈጥረው የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የሚጀመርበትን ቀን ነው። ከስድሳ ጀምሮ ወደ ታች የተጻፈ ወረቀት ከመኝታው በላይ ለጥፎ፥ ማታ ማታ ከጸሎት በኋላ አንዱን ቍጥር ይሰርዝ ነበር። ከዚህም ሌላ አንድ ደብተር ነበረው፤ በየገጹ የአንድ ተጫዋች ስም፥ የመለያ ቍጥር፥ የትውልድ አገር፥ የሚሰለፍበት ቦታና ያገባው ግብ ተጽፎበታል። ቡና በሚፈላበት ሰዓት እየተነሣ ለእናቱ ያነብላቸው ስለ ነበረ፥ «ሳላስበው ብዙዎቹን በቃሌ ይዣቸው ነበር» ይላሉ።

እስከዚህ ድረስ የደስታ ወሬ ነው። ችግሩ የታላቅየው ነው። ባለፈው ዓመት ታላቅ ወንድሙ ሁለት ወር ሙሉ ሰሊጥ ሲያጭድ ሰንብቶ የተቀበለውን ደመወዝ፥ ገና ወደ ቤቱ ሳይደርስ በኳስ ውርርድ አጠፋው። ከኀፍረቱ የተነሣ ወላጆቹን ሳያይ በቋራ በኩል ወዳሉት እርሻዎች ተመልሶ ገባ፤ ለገናም ለፋሲካም አልመጣም። እናትየው ይህ ኀዘን በልባቸው እየነደደ ሳለ፥ ታናሹ ስለ መጪው የጨዋታ ዘመን ሲያወራ ሰሙት። በቍጣ ተነሥተው ደብተሩን እሳት ውስጥ ጨመሩት። ልጁም አልጮኸ፥ አላለቀሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ማታ ለጸሎት ከቤተ ሰቡ ጋር ይቆማል እንጂ «አሜን» አይልም። «ያቃጠልሁት ኃጢአትን መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን የልጄን አፍ ዘጋሁት። በድያለሁን?» ሲሉ ይጠይቁናል።

እናታችን ሆይ፤ ጥያቄዎ ከባድ ነው፤ መልሳችንም በጥንቃቄ ይሆናል። አስቀድመን የምንለው ይህን ነው፤ ቀን መቍጠር በራሱ ነውር የለበትም። ቤተ ክርስቲያናችን ራስዋ ቀን ቈጣሪ ናት። በየዓመቱ በቅዱስ ዮሐንስ ዕለት፥ መስከረም 1 ቀን፥ በባሕረ ሐሳብ ስሌት አጽዋማቱና በዓላቱ መቼ እንደሚውሉ ለምእመናን ይነገራል። ሰው ተስፋ የሚያደርገውን ነገር ቀኑን ይቈጥርለታል፤ ተስፋ የሌለው ሰው ግን ቀኑ ሁሉ አንድ ነው። የሰውን ሕይወት እየጻፉ ማስቀመጥም ለእኛ እንግዳ ልማድ አይደለም፤ በስንክሳር በየዕለቱ የቅዱሳን ዜና ሕይወት ሲነበብ እየሰማን አድገናልና። ኳስ ተጫዋችን ከቅዱስ ጋር ማስተካከላችን አይደለም። የምንለው፥ አንድ ልጅ የሰው ድካምና ውጤት ሊጻፍና ሊታወስ ይገባዋል ብሎ ብዕር ካነሣ፥ ዝንባሌው መልካም ነው ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክቱ የሩጫ ተወዳዳሪዎችን ራስን መግዛት ለክርስቲያን ምሳሌ አድርጎ ማቅረቡን እናስታውስ።

በዚያ ደብተር የመጀመሪያ ገጾች ላይ የተጻፉት ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ የነበሩት ተጫዋቾች እንደ ሆኑ ነግረውናል፤ ተከላካዩ ያሬድ ባየህ፥ አማካዩ ሱራፌል ዳኛቸው፥ አጥቂው ሙጂብ ቃሲም፥ አሠልጣኙም ሥዩም ከበደ። የጎንደር ልጅ፥ የቆላም ይሁን የደጋ፥ ይህን ቢጽፍ የሚያስወቅሰው አይደለም። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ግቦችን አስቈጥሮ ከእርሱ በፊት የነበረውን የሊጉን ክብረ ወሰን አልፎአል፤ ልጅዎ የሌላውን ክለብ ሰው ሳይመቀኝ መጻፉን ስናነብ ደስ ብሎናል።

የመተማ ልጅ ለዚህ ነገር ከሌላው ይልቅ ቅርብ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። የአፍሪካ ዋንጫ የተጀመረው በ1949 ዓ.ም. ከድንበሩ ማዶ፥ በካርቱም ነበር፤ የተጫወቱትም ሱዳን፥ ግብፅና ኢትዮጵያ ብቻ ነበሩ። በ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደዚያው ውድድር የተመለሰው ሱዳንን አሸንፎ ነው። ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ መጣ፤ ጥቅምት 4 ቀን አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ ባስቈጠሩት 2 ለ 0 ረታ፤ በውጭ በገቡት ግቦችም አለፈ። በ2014 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ ዕጣው ተገላበጠ፤ ፋሲል ከነማ ከኦምዱርማኑ ሂላል ጋር ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 2፥ በሱዳን 1 ለ 1 ተለያይቶ፥ በዚያው ሕግ ወደቀ።

ይሁንና ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን በተነሣው ጦርነት ምክንያት፥ ከገላባት ወደ መተማ የተሻገረውን ሕዝብ እርስዎ ከእኛ በላይ በዓይንዎ አይተዋል። ሂላልና መሪኅም አገራቸው ላይ መጫወት ስላልቻሉ፥ የ2017 ዓ.ም.ን የጨዋታ ዘመን በሩቅ አገር፥ በሞሪታኒያ ሊግ ገብተው አሳለፉ። ከስደተኞቹ ልጆች መካከል እንደ ልጅዎ ቀን ይቈጥር የነበረ፥ ዛሬ ግን ቍጥሩ የተቋረጠበት አይጠፋም። እንግዲህ ጨዋታ ይጀመራል ብሎ ስድሳ ቀን መጠበቅ የሰላም ፍሬ ነው። ይህን በረከት ለልጅ ማስረዳት እንጂ መንጠቅ አይገባም።

አሁን ወደ ታላቅየው ነገር እንምጣ። ቍጣዎ ከየት እንደ መጣ እናውቃለን፤ ፍርሃትዎም ከንቱ አይደለም። በተለምዶ ቤቲንግ የሚባለው የውርርድ ንግድ በየከተማው ተስፋፍቶአል፤ ሊጉ ራሱ በ2013 ዓ.ም. የአንድ ውርርድ ድርጅትን ስም ተሸክሞ ነበር። ስለዚህ ልጆቻችን ኳስ መውደድና ገንዘብ ማስያዝ አንድ ነገር ቢመስላቸው ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ አይደለም። ሁለቱ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ወዳጅ ቡድኑ ቢሸነፍ አዝኖ በማግሥቱ ተስፋ ያደርጋል፤ ተወራራጁ ግን የቡድኑ ነገር ከልቡ ይወጣና የትኬቱን ብቻ ያስባል፤ ገንዘቡን በባላጋራው ላይ ካስያዘ የገዛ ቡድኑን ሽንፈት እስከ መመኘት ይደርሳል። ስሌቱንም ለልጅዎ ያሳዩት። ዐሥር ጨዋታዎች በአንድ ትኬት ቢደረደሩ፥ የእያንዳንዱም ዕድል እኩል በእኩል ቢሆን፥ ዐሥሩም የመሥራታቸው ዕድል ከ1,024 አንድ ጊዜ ነው፤ ዘጠኙ ሠርቶ አንዱ ቢስት ሁሉም ይጠፋል። ክፍያውን የሚወስነውም ቤቱ ነውና አስቀድሞ የራሱን ትርፍ ቀንሶ ነው የሚያቀርበው። ሁለት ወር በፀሐይ ታጭዶ የተገኘ ገንዘብ በአንድ ሌሊት የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ እናታችን ሆይ፤ ያቃጠሉት ደብተር የውርርድ ትኬት አልነበረም። ታላቁ ባጠፋው ታናሹን ቀጥተውታል። ይህን ስንልዎ ልንከስዎ አይደለም፤ ከእኛም ብዙዎቻችን በአንዱ ልጅ ያዘንነውን በሌላው ላይ አውርደናል። መድኃኒቱ ግን በእጅዎ አለ፤ ምክራችንም ሦስት ነው።

አንደኛ፤ ልጁን ይቅርታ ይጠይቁት። እናት ልጅዋን ይቅር በለኝ ማለት በባህላችን እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ሆኖም ይቅርታ የጠየቀች እናት ክብርዋ አይቀነስም፥ ልጅዋም ስሕተትን እንዴት እንደሚያርሙ ከእርስዋ ይማራል። ከዚያም አንድ አዲስ ደብተር ይግዙለት፥ አጠገቡም ይቀመጡ። በቃልዎ ይዘዋቸው የለምን? እርስዎ ይንገሩት፥ እርሱ ይጻፍ። የአብነት ተማሪ ከመምህሩ በቃል እየተቀበለ እንደሚያድግ፥ የተቃጠለው ገጽ ከእናቱ አፍ ይመለስለት።

ሁለተኛ፤ ደብተሩ ከቍጥር እንዲያልፍ ይርዱት። ስንት ግብ አገባ ብቻ ሳይሆን፥ በምን ትዕግሥት አገባ ብሎ እንዲጠይቅ ያስተምሩት። ለምሳሌ ሉቻኖ ቫሳሎን ይጻፍ፤ በአሥመራ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ አባት ተወልዶ፥ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአምበልነት የአፍሪካን ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለ ነው። በዚያ ቀን ቡድናችን በግብፅ ሁለት ጊዜ ተመርቶ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ሉቻኖ ሁለት እኩል አደረገው፤ በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው 4 ለ 2 ተፈጸመ። ይድነቃቸው ተሰማንም ይጻፍ፤ ያን ቡድን ያሠለጠነ፥ ኋላም ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ፥ የዘር መድልዎ የምታራምደውን ደቡብ አፍሪካ በመቃወም ጸንቶ የቆመ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ደብተር ለትምህርት እንጂ ለጥፋት አይሆንም። እሑድ ጠዋት ግን ቅዳሴ ይቅደም፤ በመኸሩም ወራት ከአባቱ ጋር ያገኘውን ገንዘብ በእናቱ እጅ ያኑር። ይህን ሕግ በፍቅር ካስታወቁት ይቀበላል።

ሦስተኛውና ዋናው የታላቅየው ነገር ነው። ወደ ቋራ ለሚወርድ የታመነ ሰው ቃል ይስጡ፤ «ገንዘቡን አልጠየቅንህም፥ አንተን ግን ጠይቀንሃል፤ ለመስቀል ና» ይበሉት። የጠፋውን ልጅ አባት ታሪክ በወንጌል ሰምተናል፤ አባቱ ገና በሩቅ ሲያየው ሮጠ እንጂ ሂሳብ አልጠየቀም። ሲመጣም የንስሓ አባታችሁን ጠርታችሁ ነገሩን በምክር ጨርሱት። ውርርዱን ለመተው ኀፍረት ብቻውን አይበቃውም፤ የሚያምነው ሰው በአጠገቡ ያስፈልገዋል። ምናልባትም ለታናሽ ወንድሙ ከሁሉ የሚበልጠውን ትምህርት የሚሰጥ እርሱ ይሆናል።

መስከረም 26 ቀን ወርኃ ጽጌ ይገባል። እመቤታችን ልጅዋን ታቅፋ በግብፅ በረሃ የተሰደደችበትን የምናስብበት ወራት ነው። በዚያው ሰሞን በመተማ ሰሊጡ ይታጨዳል፥ ሊጉም ይከፈታል፤ የቤትዎ ሦስቱ ቈጠራዎች በአንድ ላይ ይደርሳሉ ማለት ነው። ያን ጊዜ ማታ ለጸሎት ስትቆሙ የታናሹ «አሜን» እንዲሰማ፥ የታላቁም ቦታ እንዳይጐድል ከእናንተ ጋር እንለምናለን። የሆነውንም ይጻፉልን።