የጋራ የአትክልት ልማት በፉሪና አካባቢው፦ ከዘሩ የሚቀድመው ስምምነት

የኦሮሚያ ክልላዊ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ጨምሮ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞችን በሸገር ከተማ ሥር ሲያደራጅ ፉሪ ከክፍለ ከተሞቹ አንዱ መሆኑ ይታወሳል። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በአርባ ምንጭ ይፋ ሆኗል። የመርሐ ግብሩ ዋና ትኩረት ወተት፣ እንቁላል፣ የዶሮ ሥጋና ማር ቢሆንም፣ የጓሮ አትክልት ልማትም አብሮት ተነቃቅቷል። ይሁን እንጂ በኪራይ ቤትና በጋራ መኖሪያ ሕንፃ የሚኖሩ በርካታ ነዋሪዎች ጓሮ የላቸውም። ለእነዚህ ወገኖች ያለው አማራጭ ከጎረቤት ጋር ተደራጅቶ አንድን ክፍት ቦታ በጋራ ማልማት ነው።

ይህ አሠራር ለአካባቢው አዲስ አይደለም። የመካኒሳ፣ የፉሪና የሳሪስ የአትክልት አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ከሠላሳ ዓመታት በፊት የጥናት ርእስ ለመሆን በቅቶ ነበር። ምሁሯ አክሱማዊት ገብረእግዚአብሔር ስለ ማኅበሩ ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1994 በካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማእከል የታተመ ሲሆን፣ የከተማ ግብርናን፣ ኅብረት ሥራንና አነስተኛ ገቢ ያላቸውን የከተማ ነዋሪዎች ኑሮ አያይዞ ይመለከታል። አባላቱ ከአትክልቱ ለቤታቸው ምግብ፣ ከሽያጩም ገቢ ያገኙ ነበር። ከዚህ ተሞክሮ የሚወሰደው ዋና ትምህርት፣ ለየብቻው የሚያለማ ሰው ስለ መሬትና ስለ ውኃ ለመደራደር አቅም እንደሚያንሰው፣ በማኅበር የተደራጀ ግን ተሰሚነት እንደሚያገኝ ነው።

የመሬት ጉዳይ ቀዳሚ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ የከተማ መሬት የሚያዘው በሊዝ ሥርዓት መሆኑን በመርህ ደረጃ ደንግጓል። ስለሆነም ማንም ያልተጠቀመበትን ቦታ አጽድቶ ቆስጣ መትከል ባለይዞታ አያደርግም። ቦታው በፕላን ለመንገድ ወይም ለግንባታ ተይዞ ከሆነ፣ ወራት የተለፋበት መደብ በአንድ ቀን ሊነሣ ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ በጽሑፍ ስምምነት ካልተደገፈ እምብዛም ፍሬ አያፈራም።

ሁለተኛው ጉዳይ ውኃ ነው። የአቃቂ ወንዞች ከመኖሪያ ቤትና ከፋብሪካ የሚወጣ ፍሳሽ የሚቀላቀልባቸው በመሆኑ፣ በወንዞቹ ውኃ የለማ አትክልት ከባድ ብረታ ብረት እንደሚገኝበት ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል። እንደ ሰላጣና ቆስጣ ያሉ ቅጠላ ቅጠሎች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ተባይና ጀርም ተሕዋስያንን ለመቀነስ የሚደረገው እጥበት ቅጠሉ ወደ ውስጥ የሳበውን ብረት አያስወግድም። በመሆኑም የዝናብ፣ የጉድጓድ ወይም የቧንቧ ውኃ የማይደርስበት ቦታ ዋጋው ዝቅ ቢልም መምረጥ አይገባም።

በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር በአካባቢ ልማት ሥራዎቹ የከተማ ግብርናን አካትቷል። በዚህ የሚሳተፉ ዜጎች ለሥራቸው ክፍያ ያገኛሉ፤ የተጠቃሚነታቸው ጊዜ ግን የተወሰነ ነው። ጊዜው ሲያበቃ መደቡን ማን እንደሚረከብ አስቀድሞ ካልተወሰነ ልማቱ ይቋረጣል። ስለዚህ የጋራ ልማት ዘላቂ የሚሆነው ባለቤቱ ተለይቶ ሲታወቅ ነው።

በጋራ አትክልት ልማት መሳተፍ የሚፈልጉ ነዋሪዎች የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ቢፈጽሙ ይመከራል፦

1. በቅድሚያ ጎረቤቶችን አሰባስቦ የሥራ ተራን፣ የመዋጮ መጠንንና የምርት ክፍፍልን በቃለ ጉባኤ መወሰን፤

2. ለወረዳው አስተዳደርና ለመሬት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቶ፣ ቦታው በማን ይዞታ ሥር እንዳለና በፕላን ለምን እንደተመደበ መጠየቅ፤

3. ቦታውን የመጠቀሚያ ጊዜ፣ የውኃ አቅርቦትና ቦታው ለሌላ ልማት ሲፈለግ የሚሰጠውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ የያዘ ስምምነት መፈረም፤

4. ለዘርና ለሙያ ምክር የግብርና ጽሕፈት ቤቱን ባለሙያ ማነጋገር፤

5. ሥራው ሲሰፋ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ተመዝግቦ ሕጋዊ ሰውነት ማግኘት።

በሌላው ዓለምም ልምዱ ተመሳሳይ ነው። በአርጀንቲና የሮዛሪዮ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2002 በኢኮኖሚ ቀውስ ወቅት የጀመረችው የከተማ ግብርና እስከ ዛሬ የዘለቀው፣ ከተማዋ ለአልሚዎች የሚሆን መሬት በፕላኗ ውስጥ በማካተቷ ጭምር ነው።

ቆስጣ ከተዘራ ሁለት ወር ገደማ ጀምሮ ቅጠሉ ደጋግሞ ይቆረጣል። የመሬት ስምምነቱ ከዚያ የረዘመ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ቢሆንም ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ማመልከቻውን ያስገባ ቡድን ዝናቡን ሳያባክን ለመዝራት የተሻለ ዕድል ይኖረዋል።