የሽንኩርት ዋጋ በየወሩ ይቆጠራል፤ የእኛ ጉልበትስ?

ወገኔ፣ ረዘመ ብለህ አትለፈው። ስለ ሥራ ነው። ስለ አንተ ሥራ፣ ስለ አንቺ ሥራ፣ ስለሌለን ሥራ።

የምጽፈው ከቀወት ነው፤ ከሸዋ ሮቢት። ኢኮኖሚክስ ተምሬ ዲግሪ ይዣለሁ። ከተመረቅኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። የምረቃ ፎቶዬ እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እኔ ደግሞ ሥራ ሲገኝ ማሳ ላይ ነኝ። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ከእናንተም ብዙው እንደኔው እንደሆነ አውቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ራት ላይ ታናሽ ወንድሜ አንድ ነገር ጠየቀኝ። 12ኛን ጨርሶ ውጤት ያልመጣለት ልጅ ነው። "ወንድም ጋሼ፣ እዚሁ ብቀመጥ በወር ስንት አገኛለሁ?" አለኝ።

የጠየቀኝ ዝም ብሎ አይደለም። አንድ ደላላ ሁሉን ዘርዝሮ ነግሮታል። ሳዑዲ ፍየል ጥበቃ በወር ይህን ያህል ሪያል፣ እርሻ ይህን ያህል፣ ግንባታ ይህን ያህል። በየሥራው ተለይቶ፣ ወደ ብር ተመንዝሮ። ልጁ ቁጥሮቹን እንደ ፊደል ገበታ በቃሉ ይዟቸዋል።

እኔስ ምን መለስኩለት? "እንጃ፣ እንደ ሥራው ነው" አልኩት። ኢኮኖሚክስ የተማርኩት ሰውዬ!

ያኔ ነው አንድ ነገር የገባኝ። በእኛ ከተማ ስለ ሥራና ስለ ደመወዝ፣ በየወሩ፣ በየዘርፉ ለወጣቱ ቁጥር የሚያደርሰው ደላላው ብቻ ነው። ቁጥሩ ውሸት ሊሆን ይችላል። መንገዱ ላይ ስንት እንደሚሞት አይናገርም። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ከ150 በላይ ሰው የጫነች ጀልባ የመን ዳርቻ ላይ ስትሰጥም ከ60 በላይ ሰው አልቋል፤ አብዛኞቹ የእኛው ልጆች ናቸው። ደላላው ይህን ከሂሳቡ አይቀንስም። ቢሆንም ቁጥር ይዞ ይመጣል። እኛ ጋ ግን ባዶ ነው።

እስኪ ባዶውን አብረን እንየው።

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ማለትም የድሮው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ፣ በየወሩ የዋጋ መረጃ ያወጣል። ጤፉ፣ ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ ካለፈው ዓመት ስንት በመቶ እንደጨመረ ይነግረናል። ጥሩ ሥራ ነው፣ አልነቅፍም። ሥራችንስ በስንት ጊዜ ነው የሚቆጠረው? አገር አቀፍ የሠራተኛ ኃይል ጥናት የተደረገው በ1991፣ በ1997፣ በ2005 እና በ2013 ነው። በ22 ዓመት አራት ጊዜ! የከተማው ጥናት ከዚህ ቀረብ ይላል፤ ለምሳሌ በ2010 የከተማ ሥራ አጥነት 19.1 በመቶ ነበር። እሱም ቢሆን በየወሩ የሚመጣ አይደለም። የሕዝብና ቤት ቆጠራውማ የመጨረሻው 1999 ላይ ቆሟል።

የ2013ቱ ጥናት የአገሪቱ ሥራ አጥነት 8 በመቶ ነው አለ። ይህን ቁጥር እስከ ዛሬ ሰዎች ሲጠቅሱት ትሰማላችሁ። እናንተ የይፋት ልጆች ግን ከዚያ ወዲህ ምን እንደመጣ ታውቃላችሁ። በዚያው ዓመት በመጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ነደደች። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ወረደ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ተብሎ ዶላሩ በአንድ ቀን ከ57 ብር ወደ 74 ብር ዘለለ። ሱቁ የተቃጠለበት፣ ባጃጁን የሸጠ፣ የደሴ መንገድ ሲዘጋ ሽንኩርቱ የበሰበሰበት ሰው በዚያ 8 በመቶ ውስጥ የለም። ፎቶው የድሮ ነው፤ ፊታችን ግን ተለውጧል።

ደግሞ ስለ አቆጣጠሩ አንድ ነገር እወቁ። በዓለም የሥራ ድርጅት መለኪያ መሠረት በሳምንት ውስጥ አንድ ሰዓት ብቻ በክፍያ የሠራ ሰው ሥራ አለው ተብሎ ይቆጠራል። ማክሰኞ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ሲሚንቶ አውርደህ እስከ እሑድ ድንጋይ ላይ ብትቀመጥ፣ ሥራ አጥ አይደለህም። መለኪያው ተንኮል አይደለም፣ አገሮችን ለማነጻጸር የወጣ ነው። ግን ለብቻው ከተነገረ የእኛን ኑሮ ይደብቃል። ስለዚህ "ሥራ አለህ?" የሚለው ጥያቄ አይበቃም። "ስንት ሰዓት? በስንት ብር? በምን ሥራ?" መባል አለበት።

ሌላው ዓለም እንዴት ያደርገዋል? አሜሪካ ውስጥ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ አለ። በየወሩ ወደ 60,000 የሚጠጉ ቤተሰቦችን ይጠይቃል፤ አሠሪዎችን ደግሞ ለብቻ ይጠይቃል። ብዙውን ጊዜ በወሩ የመጀመሪያው አርብ ጠዋት ውጤቱ ይወጣል። በግንባታ ስንት ሰው ተቀጠረ፣ በፋብሪካ ስንት ተቀነሰ፣ በሆቴል ሥራ በሳምንት ስንት ሰዓት ተሠራ፣ ሰዓቱ በስንት ዶላር ተከፈለ፤ ሁሉም በየዘርፉ። ሐምሌ 25 ቀን 2017 የወጣው ቁጥር ደካማ ነበር። የወሩ ጭማሪ 73,000 ብቻ ሆነ፤ የቀደሙት ሁለት ወራትም በድምሩ በ258,000 ወደ ታች ታረሙ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በዚያው ቀን የቢሮዋን ኃላፊ አባረራቸው። እኔ ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፦ ቁጥር የዓለምን ኃያል ሰው እንዲህ ካስቆጣ፣ ጉልበት አለው ማለት ነው።

"እነሱ ሀብታም ናቸው" ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ደቡብ አፍሪካን እንይ። በየሦስት ወሩ የሠራተኛ ኃይል ጥናት ታወጣለች። ቁጥሩ ያሳፍራታል፣ ሥራ አጥነቷ ከ30 በመቶ በላይ ነው። ግን ታወጣዋለች። እኛ በየወሩ ባንችል በየሦስት ወሩ፣ በሁሉም ወረዳ ባንችል በተመረጡት መጀመር እንችላለን። ዋጋ ለመሰብሰብ በየወሩ ገበያ የሚወጣ ሰው ካለ፣ ጉልበት የሚሸጥበት ገበያም ያው ከተማው ውስጥ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት አደባባይ ላይ ቁጭ ብለን አሠሪ የምንጠብቀውን መቁጠር ይከብዳል?

በእኛ አገር በየሩብ ዓመቱ የምንሰማው "ይህን ያህል የሥራ ዕድል ተፈጠረ" የሚለውን ነው። እውነት ነው ውሸት ነው ብዬ አልከራከርም። የምጠይቀው ሌላ ነው። የተፈጠረው ተነገረን፤ የጠፋውስ? አሜሪካ ከአጎዋ ስታስወጣን፣ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማለት ነው፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኮች ኩባንያ ወጥቷል፣ ሰው ሥራ አጥቷል። ተጨምሮ ተቀንሶ የቀረው ስንት ነው? የሦስት ወር የኮብልስቶን ሥራና የቋሚ ሠራተኛ ቅጥር እኩል አንድ ተብለው ነው የሚቆጠሩት? ይህን መጠየቅ ተቃውሞ አይደለም። ሂሳብ ነው።

ወደ ሕጉ እንምጣ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን አናውቀውም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 መብለጥ የለበትም። በቀን የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል፤ በዕረፍት ቀን በሁለት እጥፍ። ይኸው አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል። አዋጁ ከወጣ ዓመታት አለፉ፤ ለግል ዘርፍ ሠራተኛ ግን ወለሉ አልተቀመጠም። የመንግሥት ሠራተኛ ወለል አለው፤ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዝቅተኛው 6,000 ብር፣ የዲግሪ መነሻው 11,500 ብር ሆኗል። ከመንግሥት ቤት ውጭ ያለነውስ? የእኛ ወለል መሬቱ ነው።

የደመወዝ ቦርድ ነገ ቢቋቋም እንኳ በምን ላይ ቆሞ ይወስናል? በየዘርፉ የሚከፈለውን የሚያሳይ ትኩስ መረጃ ከሌለ አሠሪው "ገበያው ነው" ይላል፣ ሠራተኛው "አይበቃኝም" ይላል፣ ጠረጴዛው ላይ ግን የሚቀመጥ ነገር የለም። በ2019 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን የልብስ ስፌት ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ብለው ሲያወጡ ዓለም ሁሉ ተነጋገረበት። ሴት ልጆቹ ያንን ደመወዝ ሲቀበሉ ቆይተዋል። ነገሩ ወሬ የሆነው አንድ ሰው ቆጥሮ ሲጽፈው ነው። ያሳዘነኝ ግን ቆጣሪው ከባሕር ማዶ መምጣቱ ነው።

እና እኔ ምን አደረግኩ? ደብተር አወጣሁ።

ነገሩ የተጀመረው ከወንድሜ ጥያቄ በፊት ነው። ከጥቅምት ጀምሮ የሠራሁበትን ቀን ምልክት አደርግ ነበር፤ ደምሬው ግን አላውቅም። በዚያ ምሽት ደመርኩት። ጥቅምት ማሾ ለቀማ፣ 14 ቀን። ኅዳር ማሽላ ቆረጣ፣ 17 ቀን። ታኅሣሥ 9 ቀን። ጥር የመስኖ ሽንኩርት ነቀላ፣ 11 ቀን። የካቲት 6 ቀን። በአምስት ወር 57 ቀን ሠርቻለሁ። ከ150 ቀን 57!

ክፍያው በአማካይ በቀን 400 ብር ነበር። 57 ሲባዛ በ400፣ 22,800 ብር። ለአምስት ወር ሲካፈል በወር 4,560 ብር። ከመንግሥት ቤት ዝቅተኛው ደመወዝ በታች፣ የዲግሪ መነሻውን ደግሞ ግማሹን አልሞላም።

ሰዓቱን ደግሞ እዩት። ከንጋቱ 12 እስከ አመሻሹ 11 ሰዓት። የምሳ እረፍቱ ሲቀነስ 10 ሰዓት። 400 ብሩ የ8 ሰዓት ነው ብንል፣ ሰዓቱ 50 ብር ነው። ሁለቱ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ሲሰላ 150 ብር። በ57 ቀን 8,550 ብር። ይህን ገንዘብ ሰጥቼዋለሁ ማለት ነው፣ ሳላውቅ። አጠገቤ አብራኝ ስትነቅል የነበረች ልጅ ደግሞ ለዚያው ሥራ፣ ለዚያው ሰዓት ከእኔ 100 ብር ያነሰ ይከፈላት ነበር። ይህንንም ያወቅኩት ደብተር ይዤ ስጠይቃት ነው። እሷም የእኔን አታውቅም ነበር።

አዎ፣ ቁጥር እንጀራ አይሆንም። አንዳንዶቻችሁ ይህን ለመጻፍ ጣታችሁን እንዳነሳችሁ ይታየኛል። ልክ ናችሁ። ሰላም ከሌለ መንገድ ይዘጋል፤ መንገድ ከተዘጋ የቀወት ሽንኩርት አዲስ አበባ አይደርስም፤ ሽንኩርቱ ካልሄደ ነቃዩም ቀን የለውም። ይህን ደብተር አይፈታውም። ግን ስሙኝ፦ ያልተቆጠረ ነገር ማንም አይጠየቅበትም። "ወጣቱ ተቸግሯል" ስንል ይራራሉ፣ ከዚያ ይረሳሉ። "በአምስት ወር 57 ቀን፣ በቀን 10 ሰዓት፣ ያለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ" ስንል ግን መልስ መስጠት ግድ ይላል። ለቅሶና ክስ የሚለያዩት በማስረጃ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ይኸው። አንተም ባጃጅ የምትነዳው፣ አንቺም ሆቴል የምታስተናግጂው፣ አንተም ደብረ ብርሃን ወጥተህ ፋብሪካ የገባኸው፣ ደብተር ያዙ። አራት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ምን ሥራ፣ ስንት ቀን፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ ስንት ብር። በወሩ መጨረሻ ደምሩ። አብሯችሁ የሚሠራውን ጠይቁ። ኮሜንት ላይ የምታስቀምጡ ከሆነ ወረዳውንና ሥራውን ጻፉ፤ ስማችሁንም የአሠሪያችሁንም ስም ግን አትጻፉ። ማጋነን አያስፈልግም። አንድ የተጋነነ ቁጥር መቶውን እውነተኛ ያበላሻል። የእኛ ድምር የመንግሥትን ጥናት አይተካም፣ ይህንን አውቃለሁ። ግን ጥናት ይውጣ ብለን ስንጠይቅ ባዶ እጃችንን አንሄድም። ስታቲስቲክስ አገልግሎትና ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ዋጋውን እንደሚነግሩን ሥራውንም ይንገሩን፤ በየዘርፉ፣ ከሰዓቱና ከደመወዙ ጋር።

ለወንድሜ ደብተሩን ሰጠሁት። ብዙ ሰዓት አገላበጠው። አልሄድም አላለኝም፤ እሄዳለሁም አላለኝም። የደላላው ቁጥር ከእኔ ቁጥር ይበልጣል፣ ሁለታችንም አይተነዋል። "ይሄኛው እውነት ነው" አልኩት፣ "ያኛው መንገዱ ያልተቀነሰበት ነው።" ዝም አለ። ቆይቶ ቆይቶ የካቲትን ገልጦ ወደ ባዶዎቹ ገጾች አለፈና "ክረምት ላይስ ምን ይጻፋል?" አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። እናንተ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ጊዜ አለን፣ ክረምቱ ገና ነው። ልጁ ግን ብዙ የሚጠብቅ አይመስለኝም።