ቤት ከሰጡ በኋላ

ሰፋሪ በቆሻሻ ክምር አጠገብ ጎጆ የሚቀልሰው ንጽሕናን ጠልቶ ሳይሆን እንጀራው እዚያ ስላለ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ቆሼ በተባለው ሥፍራ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሲሞቱ፣ ብዙዎቹ በግርጌው በተሠሩ ጎጆዎች የሚኖሩ ነበሩ። ፕላስቲክና ብረት እየለቀሙ በመሸጥ የሚተዳደሩም ነበሩባቸው።

እንዲህ ካለው ሥፍራ ሰውን ማዛወር ግዴታ ነው። ነገር ግን ከገበያው አርቆ ቁልፍ ብቻ ማስረከብ ሥራውን ከእኩሌታው ማቆም ነው። የመጓጓዣ ወጪ ያስመረረው ሰው ቤቱን አከራይቶ ወደ ቀድሞ ሰፈሩ ቢመለስ ማን ይፈርድበታል?

በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት፣ ድኃውን በጽዳትና በመሳሰለው ሥራ አሰማርቶ፣ ቀጥሎም ሥልጠናና መነሻ ገንዘብ እንዲያገኝ ማሰቡ መልካም አካሄድ ነው። ሆኖም ሠልጣኙን ምንም እንደማያውቅ መቁጠር አይገባም። ቆሻሻ ለቃሚ ባለሙያ ነው፤ የትኛው ፕላስቲክ ዋጋ እንደሚያወጣ ከእኛ ከተማርነው ይልቅ እርሱ ያውቃል። የጎደለው ጓንት፣ ወፍራም ጫማ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት፣ ደግሞም ከሥራ ሲመለስ የሚታጠብበት ውኃና ሳሙና ነው። ከሐኪም ቤት የተጣለ መርፌ የወጋው ሰው በጉበት በሽታ ሊያዝ ይችላል፤ ታዲያ የእርሱ ሥልጠና ከዚህ ቢጀምር ምን ይከፋል? ስፌትና አናጢነት ለሚሹት በኋላ ይደርሳሉ።

እናንተም መምህራንና የከተማ ነዋሪዎች፣ ስባሪ ጠርሙስንና ምላጭን በጠንካራ ዕቃ ከትታችሁ ከሌላው ቆሻሻ ለይታችሁ ጣሉ። የሚያነሣው ሰው እጁ ባዶ ነው።